የአቶ አንዳርጌ ሦስት ጠብታዎች

እኛ አገር የቤት ኪራይ ውል አይጻፍም። መጻፍ ጠፍቶን አይደለም፤ እኔ እንኳ እስከ ስድስተኛ ክፍል ዘልቄያለሁ፣ ከእኔ የበለጠ የተማረም ሞልቷል። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ «ነገሩን ወረቀት ላይ ብናሰፍረውስ?» ያለ እንደሆነ የሌላው ፊት ይጠቁራል። «ገና ሳንተዋወቅ ልትክደኝ አሰብህ?» ይላል። ስለዚህ ሰው ተከባብሮ በቃል ይገባል፤ ሲወጣ ይጣላል።

በወረቀቱ ፋንታ ባለ ዓይን የሚባል ሰው አለን። ተከራይ በሚገባበት ቀን የቅርብ ጎረቤት ይጠራና አንድ እግሩን ደፉ ላይ አድርጎ ቤቱን አንዴ ቃኘት ያደርጋል። ዓይኑ ያነሳው ሁሉ ውል ነው። ተከራዩ ሊወጣ ሲል ያው ሰው ተመልሶ ይጠራል፤ ያየውን ይናገራል፤ ተከራዩም ቤቱን ልክ እንደዚያ አድርጎ ያስረክባል። ሕጉ አንድ መስመር ነው፦ እንደገባህ ውጣ። «ሕግ ሲያጥር ያምራል» ይባላል። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ተከራይ ግን አይመስለኝም።

የጎረቤቴ የእትዬ ትጓደድ ባለ ዓይን እኔ ነኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከባሏ ከጋሽ እሸቴ ጋር የአቶ አንዳርጌን ቤት ስትከራይ ከገመድ ሱቄ ጠሩኝ። እጄን በሱሪዬ ጠርጌ፣ እግሬን ደፉ ላይ አድርጌ አየሁ። ዝናብ ነበር፤ ጣራው ሦስት ቦታ ያፈሳል። አንዱ ጠብታ መኝታው ላይ፣ አንዱ ምሰሶው ሥር፣ አንዱ ደፉ ላይ፣ ማለትም አናቴ ላይ። የጓሮው ግድግዳ ተሰንጥቋል። በሩ አይገጥምም። አይጥ አለ። «አየህ?» አሉኝ። «አየሁ» አልኩ። ውሉ ይኸው ነበር።

ጋሽ እሸቴ እጁ ሥራ መፍታት የማያውቅ ሰው ነበር። በዓመቱ ጣራውን በሬንጅና በቆርቆሮ ቁራጭ ደፈነው፤ በሁለተኛው ዓመት ግድግዳውን ለሰነ፤ ቀጥሎ በሩን አስገጠመ። እሷ ደግሞ ድመት አመጣች። በሰባተኛው ዓመት ጋሽ እሸቴ እዚያው ቤት፣ በማያፈስ ጣራ ሥር፣ አረፈ። እትዬ ትጓደድ ብቻዋን ፍራሽ እያደሰች መኖሯን ቀጠለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የተኛው እሷ የነፋችው ጥጥ ላይ ነው፤ ማን ወዴት ጎን እንደሚተኛ ታውቅ ስለነበር ከሷ ጋር ክፉ ነገር መነጋገር አይመከርም።

የክረምቱ ደመና መጠራቀም በጀመረበት ሳምንት፣ እሁድ ቀን፣ የታንኳ ቀዛፊው ደረበ ከወንዙ ማዶ መልእክት ይዞላት መጣ። እህቷ ጥሩሰው ዓይኗ ጨርሶ ጠፍቷል። እስካሁን እያጎረሰች የምታሳድራት ጎረቤቷ ሐሙስ ጠዋት ልጇ ጋ ልትሄድ ተነስታለች። ከሐሙስ በኋላ ጥሩሰው እሳት የሚያነድላት፣ ውሃ የሚያቀብላት ሰው የለም። ወንዙ ደግሞ አንዴ ከሞላ አራት ወር አይሻገሩትም።

ወዲያው እኔ ሱቅ መጣች።

«ሞላልኝ፣ ዓይንህ ደህና ነው?» አለችኝ።

«ምነው? ያበጠ ይመስላል?»

«ልወጣ ነው።»

በእጄ የያዝኩትን ገመድ አስቀመጥኩ። እኛ አገር ሰው «ልወጣ ነው» ሲል እንኳን ደስ ያለህ አይባልም፤ ጽናቱን ይስጥህ ነው የሚባለው።

«ጽናቱን ይስጥሽ» አልኳት።

«አንተንም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ባለ ዓይን በምስክርነቱ ከተሳሳተ የጎደለውን የሚሞላ እሱ ነው።

አብረን አቶ አንዳርጌ ዘንድ ሄድን። አቶ አንዳርጌ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጨዋ ሰው ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ኪራይ አልጨመረም፤ አንድ ምስማርም አልጨመረም። ነገሩን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ምን ማለትሽ ነው እህቴ፣ ሂጂ እንጂ! እህት ተጥላ ቤት ይጠበቃል እንዴ? ዛሬውኑ ሂጂ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ብቻ ሦስቱ ጠብታዎቼ የት አሉ?»

«የቱ ጠብታ?»

«የጣራዬ ናቸዋ። ሦስት ነበሩኝ።»

«እሸቴ ደፈናቸው እኮ! አንተም አይተህ አመስግነኸዋል።»

«ምስጋናማ አይከለከልም። ግን ማን አዘዘው? ምሰሶው ሥር ያለችውን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ጠ... ጠ... ትል ነበር፤ እንቅልፍ የምታመጣው እሷ ነበረች።» ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። «ሌላ ምንም አልፈልግም። የኔን ስጪኝና በሰላም ሂጂ።»

በማግስቱ ሹም ተጠራ። የደፍ ሹም እንላቸዋለን፤ ሥልጣናቸው ከቤት ደፍ ጀምሮ ወደ ውስጥ ነው። ወረቀት አይዙም። የፈረዱትን ሁሉ ገመድ ላይ ይቋጥራሉ፤ አንድ ፍርድ፣ አንድ ቋጠሮ። የተቋጠረ አይፈታም፤ ራሳቸው ሹሙ እንኳ መፍታት አይችሉም፤ አንድ ጊዜ የሞከሩ ሹም ጥፍራቸው ተነቅሏል ይባላል። ተከራዩ ሲለቀቅ ያ ገመድ ተቆርጦ የእጁ አንጓ ላይ ይታሰርለታል። ገመዱ የሌለው ሰው የትም ቢታይ፣ በሕግ ያው እተከራየው ቤት ውስጥ ነው። ገመዱን የምሸጥላቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የሹሙን ሥራ አላማም።

ማክሰኞ ጠዋት ሹሙ ረጅም የመለኪያ ዱላቸውን ይዘው መጡ። እኔን ደፉ ላይ አቆሙኝ።

«የገቡ ቀን ያየኸውን ተናገር።»

ተናገርኩ። መዋሸት አማረኝ፤ አልደበቅም። ግን አቶ አንዳርጌ ዓይን ዓይኔን እያየ ከንፈሩን አብሮኝ ያንቀሳቅስ ነበር፤ ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል። ጠብታዎቹን፣ ስንጥቁን፣ በሩን ቆጠርኩ።

«አይጡስ ስንት ነበር?» አሉኝ ሹሙ።

«አልቆጠርኳቸውም ጌታው። አልተዋወቅንም ነበር።»

«ብዙ ወይስ ጥቂት?»

«እየተመላለሱ ስለነበር አንዱ ሁለቴ ታይቶኝ ሊሆን ይችላል።»

«በቂ አይጥ» አሉና ቋጠሩ። ከዚያ ወደ እትዬ ትጓደድ ዞሩ። «እንደገባሽ ውጪ። ሦስቱን ጠብታ፣ ስንጥቁን፣ የማይገጥመውን በር፣ በቂ አይጥ። ሐሙስ መጥቼ እረከባለሁ።»

«ጌታው፣ ቤቱን አሳምሬ ባስረክብስ?»

«ማሳመር ጥፋት አይደለም» አሉ ሹሙ በትዕግሥት። «ግን ያንቺ አይደለም፣ የሱም አይደለም። የማንም ያልሆነ ነገር ቤት ውስጥ ማደር የለበትም።» ይህንንም ቋጠሩ።

እንዲህ ሆኖ ማክሰኞ ከሰዓትና ረቡዕን ሙሉ አንድ ደህና ቤት ስናፈርስ ዋልን። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። የታደሰ ፍራሽ ላይ የተኛ ሁሉ ውለታ አለበት፤ መዶሻ ያለው መዶሻ፣ መሮ ያለው መሮ ይዞ መጣ። ማፍረስ ቀላል ይመስላል። እንዳይመስላችሁ። እንደ ድሮው አድርጎ ማበላሸት የአናጢ ልጅ እንኳ የማይችለው ሙያ ነው። በሩን ከማጠፊያው ነቅለን መልሰን አዘንብለን ሰቀልነው፤ እምቢ ብሎ ገጠመ። ሦስቴ ሞክረን በአራተኛው አልገጥም አለ፤ እልልታ ሆነ።

ግድግዳውን ስንሰነጥቅ አቶ አንዳርጌ ዱካ ላይ ተቀምጦ ይመራን ነበር።

«ወደ ግራ ዘንበል በሉ። ኧረ ቀስ! እንዲህ ሰፊ አልነበረም። ጫፉ ላይ እንደ ዶሮ እግር ሦስት ቦታ ይከፈል ነበር።»

«አቶ አንዳርጌ» አለች እትዬ ትጓደድ፣ መሮውን በእጇ እንደያዘች፣ «ይህን ያህል የምትወደው ከሆነ በአሥራ አንድ ዓመት ምነው አንዴ እንኳ መጥተህ አልጠየቅኸውም?»

«ሰው ቤት ሳይጠሩ አይገባም» አላት። ጨዋ ነው ብያችኋለሁ።

ድመቷን እኔ ወሰድኳት። አይጦቹን ማንም መጥራት አላስፈለገውም፤ በቂ የሆኑት ወዲያው ገቡ፣ የተረፉት እኔ ቤት ሊገቡ ሲሉ ከድመቷ ጋር ተገናኙ።

ጣራው ላይ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። የጋሽ እሸቴን ልጥፎች አንድ በአንድ ነቀልኩ። ሬንጁ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር፤ አንዱ ሲነቀል ከነቆርቆሮው ይዞ ሄደ። ከታች እትዬ ትጓደድ ቀና ብላ ታየኛለች። «እሸቴ የዚያን ቀን ከዚያው ላይ ወድቆ ጎኑን ታሞ ነበር» አለችኝ። እኔም ወደ ታች ላለማየት ስል ሥራዬን ቀጠልኩ።

ረቡዕ አመሻሹ ላይ ሹሙን አስጠራናቸው። ሁሉም ነገር አልቋል፤ በአንድ ቀን ቀድመን ጨረስን፤ ሐሙስ ማለዳ ተሻግራ ጥሩሰው ሳትራብ ትደርስላታለች። ጣራው ላይ ሁለት ጄሪካን ውሃ አፈሰስን፤ ውስጥ ጠብ ጠብ አለ።

ሹሙ እጃቸውን ዘርግተው አንድ ጠብታ ተቀበሉ። አሸተቱት። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህ የጄሪካን ውሃ ነው።»

«ውሃ ውሃ አይደለም እንዴ ጌታው?» አልኩ።

«የገቡ ቀን ምን ነበር?»

«ዝናብ።»

«እንግዲያ ጠብታ የሚመሰከረው በዝናብ ነው።» ቋጠሩ።

እትዬ ትጓደድ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። «ጌታው፣ ዝናብ ከዘነበ ወንዙ ይሞላል። ወንዙ ከሞላ ታንኳ የለም። ታንኳ ከሌለ እህቴ ዓይነ ስውር ናት፣ ብቻዋን ናት፣ አራት ወር...»

«ወንዝ የእኔ ሥራ አይደለም» አሉ ሹሙ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። «እኔ እስከ ደፉ ነኝ።»

ሐሙስ ሲነጋ ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ጠቁሮ ነበር። እትዬ ትጓደድ አንድ ጓዟን አንጠልጥላ ወንዙ ወረደች፤ ተከተልኳት። ደረበ ታንኳውን እያዘጋጀ ነበር። ደረበ ከሷ ጋር ተዛምዷል ማለት ይቻላል፤ የልጆቹን ፍራሽ የነፋች እሷ ናት። እንዳያት አንገቱን ደፋ።

«ገመድሽስ?»

«አልሰጡኝም። አሻግረኝ ደረበ፣ ስሞትልህ።»

«እትዬ፣ አንቺ በሕግ ቤትሽ ውስጥ ነሽ። የሌለ ሰው እንዴት አሻግራለሁ? ታንኳዬን ይወስዱብኛል።»

«እያየኸኝ?»

«አላየሁሽም» አለ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። «እንዳታስለቅሺኝ። ዛሬ ከዘነበ ሦስት ጊዜ ቀንድ እነፋለሁ። በሦስተኛው ታንኳውን ይዤ ወደ ማዶ እሄዳለሁ፤ ቤቴ እዚያ ነው። ከዚያ ክረምቱ እስኪወጣ አልመለስም። በቻልኩት ልክ አጓትታለሁ፤ ወንዙ ግን የኔን ልብ አያይም።»

ስንመለስ መንገድ ላይ የመጀመሪያው ጠብታ እጄ ላይ አረፈ። እትዬ ትጓደድ መሮጥ ጀመረች። ሰው ዝናብ ሲጥል ለመጠለል ይሮጣል፤ እሷ ጣራው እንዲያፈስ ልታይ ትሮጥ ነበር።

ሹሙ ከእኛ ቀድመው ደርሰዋል። አቶ አንዳርጌ ሦስት ሳህን ከቤቱ አምጥቶ ድሮ ያፈስባቸው በነበሩት ሦስት ቦታዎች ደርድሯል፤ አንዱን በአልጋው ፋንታ እንጨት ላይ አስቀምጧል። አራታችን ቆመን ጣራ ጣራውን እናያለን። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መንጎድጎድ ጀመረ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ጠ አለ።

ሳህኑ ውስጥ አይደለም። ከሳህኑ አንድ ክንድ ርቆ።

ከዚያ ሌላ። ይህም ከምሰሶው አልፎ ወደ ጓሮው ግድግዳ። ሦስተኛው ደፉን ስቶ የሹሙ ትከሻ ላይ። አራተኛው ጥግ ላይ፤ አምስተኛው መሐል። አቶ አንዳርጌ ሳህኖቹን ይዞ ከወዲያ ወዲህ ይሯሯጥ ጀመር።

«የኔ አይደሉም! እነዚህን አላውቃቸውም!»

ሹሙ በዱላቸው ለኩ። «ክንድ ከስንዝር። ሁለት ክንድ። ግማሽ ክንድ። ደግሞ አምስት ናቸው፤ ሦስት ነበሩ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ባለ ዓይን፣ እነዚያ ናቸው?»

ጋሽ እሸቴ ጣራውን ሲደፍን ቆርቆሮውን የሚሸከመውን ወራጅ ከፍ አድርጎት ኖሯል፤ ቁልቁለቱ ተለውጧል። ውሃ ደግሞ ትዝታ የለውም፤ በተገኘው ይወርዳል። አይደሉም ካልኩ ቀርታለች። ናቸው ካልኩ የሹሙ ዱላ እዚያው ያሳጣኛል።

ከወንዙ በኩል የመጀመሪያው ቀንድ ተነፋ።

እትዬ ትጓደድ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላለቀሰችም። ሻሿን ከራሷ ላይ ገፈፈችና ሹሙ ፊት ቆመች።

«እሺ። እንደገባሁ ልውጣ። ይህን ሕግ ወድጄዋለሁ። ስገባ ጠጉሬ ጥቁር ነበር፤ መልሱልኝ። ጉልበቴ አይንቋቋም ነበር። ከጎኔ ሰው ነበረ፤ እዚህች ጋ ቆሞ ጣራውን እያየ 'ቀላል ነው' ይል ነበር። እሱን አምጡልኝና እወጣለሁ። እኔስ እንደገባሁ ነው የምወጣው?»

አምስቱ ጠብታዎች ይንጠባጠባሉ። አቶ አንዳርጌ እንኳ ሳህኑን ደረቱ ላይ አቅፎ መሬት መሬት ያያል። ሹሙ ረጅም ጊዜ አሰቡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጥያቄ ከተጠየቁ ይመልሳሉ።

«ሰው ያረጃል፣ ይሞታል» አሉ በመጨረሻ። «ያን ያደረገው ቤቱ አይደለም፤ ጊዜው ነው። በጊዜው ብዛት የተለወጠ ነገር አይጠየቅበትም።» ገመዳቸውን አውጥተው ቋጠሩ፤ ጠበቅ አድርገው።

ሁለተኛው ቀንድ ተነፋ።

ያን ቋጠሮ ትኩር ብዬ አየሁት። ገመድ ሻጭ ነኝ፤ ቋጠሮ ስንት ነገር እንደሚይዝ አውቃለሁ።

«ጌታው፣ ይህ የቋጠሩት ለሰው ብቻ ነው?»

«ቋጠሮ ሰውና ዕቃ አይለይም።»

«እንግዲያ እመሰክራለሁ።» እግሬን ደፉ ላይ አደረግሁ። «ጠብታዎቹ እነዚያው ናቸው። አርጅተዋል።»

«ምን?» አለ አቶ አንዳርጌ።

«አርጅተዋል። የኔም አጎት ሲያረጁ ዘወትር ከሚቀመጡበት ድንጋይ እየራቁ እየራቁ ሄደው፣ በመጨረሻ የሰው ደጅ ላይ ይገኙ ነበር። 'አጎትህ አይደሉም' ያለኝ ግን የለም።»

«ጠብታ አያረጅም!» ብሎ ጮኸ አቶ አንዳርጌ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። «የኔ ጠብታዎች ጤነኛ ነበሩ! አባቴ ቤቱን ከመግዛቱ በፊት፣ ከስልሳ ዓመት በፊት ጀምሮ ንቅንቅ ብለው አያውቁም!»

ሹሙ ቀስ ብለው ወደሱ ዞሩ። «ስንት ዓመት አልክ?»

አቶ አንዳርጌ አፉን ከደነ። ግን ወጥቷል።

«ስልሳ ዓመት» አሉ ሹሙ ለራሳቸው። «በዚህ ዕድሜ እኔም ቦታዬን እስታለሁ።» ቋጠሩ። «ሦስቱ ተረክበዋል። የቀሩት ሁለቱ ግን ትርፍ ናቸው። እንደገባህ ውጣ ማለት ትርፍም አትተው ማለት ነው። ይዛቸው ትሂድ።»

«እንዴት አድርጌ?» አለች እትዬ ትጓደድ።

«እሱ የእኔ ሥራ...» ብለው ጀመሩ ሹሙ።

«የኔ ናቸው» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔም ራሴን ዞሬ ባየው ደስ ባለኝ።

«ልጥፉን ስነቅል ቆርቆሮውን ያቆሰልኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ በእኔ እጅ የተከፈቱ ናቸው። የኔ ናቸው።»

«አውቀህ ነው?» አሉኝ ሹሙ። «የጠብታ ባለቤት ጠብታውን በራሱ ዕቃ ይቀበላል። ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ ጠብታው እስካለ ድረስ።»

«አውቄ ነው።» አላወቅሁም ነበር። ግን የሦስተኛው ቀንድ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ቀድሞ ይሰማኝ ነበር።

ቋጠሩ። በካራ ቆረጡ። ገመዱን አንጓዋ ላይ ሲያስሩ ሦስተኛው ቀንድ ተነፋ፤ ደረበ አጓትቶት ኖሮ ድምፁ ረጅም፣ የተሰበረ ነበር።

እንዴት እንደሮጥን አላስታውስም። ጓዟን እኔ ተሸክሜያለሁ፤ ጭቃው ጫማዬን አውልቆ አስቀረው። ስንደርስ ታንኳው ከዳር ሦስት እርምጃ ያህል ርቋል፤ ውሃው ቀይ ሆኖ ይጋልባል። ደረበ መቅዘፊያውን ውሃው ውስጥ ተክሎ ይታገላል።

«ገመድ አለኝ!» ብላ እጇን ወደ ላይ አነሳች።

«ስንት ቋጠሮ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ደረበ፣ ልትገድለኝ ነው?»

«ሕግ ነው እትዬ! ከአምስት ያነሰ አላሻግርም!»

«ስድስት ነው! ስድስት!» አልኩ እኔ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ።

«ወደኔ አዙሪው!»

እዚያ ዝናብ ውስጥ፣ ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብታ፣ እጇን ወደሱ ዘርግታ ቆመች፤ እሱም አንድ በአንድ ቆጠረ። አንድ ሲል ታንኳው ራቀ፤ ሁለት ሲል ቀረበ። ስድስት እንዳለ ያቺኑ እጅ ይዞ ጎተታት። ጓዟን ወረወርኩላት። ከመካከል ላይ ሆና ዞር ብላ አንድ ነገር ተናገረች፤ አልሰማኋትም። እጄን አወዛወዝኩላት። ታንኳው ማዶ እስኪደርስ ቆሜ ቆየሁና ጠብታዎቼን ልቀበል ተመለስኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ደረበ መጥቶ ነገረኝ። ያን ዕለት ስትደርስ ጎረቤቲቱ ሄዳ፣ ጥሩሰው በጠፋ እሳት ፊት ተቀምጣ ነበር። እጇን የእህቷ ፊት ላይ አድርጋ ዳሰሰችና «አረጀሽ» አለቻት አሉ። እትዬ ትጓደድም «እሱ አይጠየቅበትም» ብላ እሳቱን አነደደች።

የአቶ አንዳርጌ ቤት አሁን አዲስ ተከራይ አለው፤ አዲስ የተጋቡ ናቸው። ባለ ዓይኑ እኔ ነኝ፤ አምስት ጠብታ፣ አንድ ስንጥቅ፣ የማይገጥም በር፣ በቂ አይጥ አየሁ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ሁለት ጣሳዬን ይዤ እሄዳለሁ። ሙሽሪት ብዙዓለም ትባላለች፤ መጀመሪያ ግራ ገብቷት ነበር፤ አሁን ዱካ ታወጣልኛለች፣ ቆሎ ታቀርብልኛለች፤ እኔ ጣሳዬን እየጠበቅሁ እቀመጣለሁ። ባልየው «ጋሼ፣ ብንደፍናቸውስ?» አለኝ። «የደፈንከውን ትከፍታለህ» ብዬ አስረዳሁት። ሁለቱም በጥሞና ሰሙኝ።

ባለፈው ክረምት ሁለተኛው ዝናብ ላይ አንዱ ጣሳዬ ደረቅ ሆነ። ጥጉ ውስጥ ያለው ነው። ቀና ብዬ አየሁ፤ አዲስ ሬንጅ ያብለጨልጫል። ብዙዓለምን አየኋት፤ ቆሎ ትለቅማለች፤ ከቆሎው ቀና አላለችም። ሆዷ ገፍቷል፤ የሕፃኑን አልጋ የሚያስቀምጡት እዚያ ጥግ ነው።

አቶ አንዳርጌ ዝናብ ሲያባራ ጠብታዎቹን ሊጠይቅ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲህ ሳይጠሩትም መግባት ለምዷል። ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አጎንብሶ ያያል።

ስለዚህ አሁን ሰማዩ ሲጠቁር፣ ደረቁ ጣሳ ውስጥ የማፈሰውን ውሃ በባለ አምስት ሊትሯ ጄሪካን ከቤቴ ሞልቼ እወጣለሁ። የሰፈሩ ሰው በየበረንዳው ተጠልሎ ይስቅብኛል፤ «ሞላልኝ አበደ፣ በዶፍ ውሃ ተሸክሞ ይሄዳል» ይላል። ጄሪካኗን ከካፖርቴ ሥር ደብቄ፣ እየተጠነቀቅሁ እሄዳለሁ፤ የዝናብ ውሃ እንዳይገባባት ክዳኗን አጥብቄያለሁ።